ቻናል 3 የማን ነው? የአንድ የሚሲሲፒ ቴሌቪዥን ጣቢያ ጉዳይ

ዓመቱ 1955 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው የሚሲሲፒ ግዛት ዋና ከተማ ጃክሰን። የከተማው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ከኤንቢሲ የሚተላለፍ ፕሮግራም ያያል። ወሬው ስለ ጥቁርና ነጭ ጉዳይ ነው። እንግዳው ቱርጉድ ማርሻል ናቸው፤ ትምህርት ቤት በዘር መለያየቱን በፍርድ ቤት ያስቀሩት ጥቁር ጠበቃ። በድንገት ምስሉ ጠፋ። በምትኩ አንድ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይቅርታ፣ የኬብል ችግር አለ።»

ኬብሉ ምንም አልሆነም ነበር። ሆን ብሎ የቆረጠው ጣቢያው ነው።

ጣቢያው ደብልዩኤልቢቲ ይባላል። የጃክሰን ሰው ግን ቻናል 3 ነው የሚለው። ሥርጭት የጀመረው በዲሴምበር 28 ቀን 1953 ሲሆን፣ ባለቤቱ ላማር ላይፍ የሚባል የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለው ሰባ ዓመት ይህ አንድ የክፍለ ሀገር ጣቢያ ያላየው ነገር የለም። የዘር መለያየት ሥርዓት አፍ ሆኗል። ፈቃዱን ተነጥቋል። በአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ሥራ አስኪያጅ መርቶታል። የሥርጭት ማማው ወድቋል። ከእጅ ወደ እጅ ተሽጧል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ አንድ ነገር ነው። ስለ ሚዲያ ስናወራ ሁልጊዜ ባለቤቱ ማን ነው፣ መንግሥት ምን አደረገ፣ ጋዜጠኛው እንዴት ነው እንላለን። ተመልካቹን የሚያስታውሰው የለም። ቻናል 3ን የለወጠው ግን ተመልካቹ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን እንደኛ አገር ከአንድ ማዕከል ወደ ታች የሚፈስ ሆኖ አልተሠራም። ኤንቢሲ፣ ሲቢኤስና ኤቢሲ ትልልቆቹ አቅራቢዎች ናቸው። ፕሮግራማቸው ሰው ቤት የሚገባው ግን በየከተማው ባለ ጣቢያ በኩል ነው። የከተማው ጣቢያ የራሱን ዜና ይሠራል፣ የራሱን ማስታወቂያ ይሸጣል፣ ከላይ የመጣለትን ፕሮግራም ካልወደደው ደግሞ ትቶ ሌላ ያሳያል። ስለዚህ አንድ የከተማ ሥራ አስኪያጅ ሕዝቡ ምን እንደሚያይ የመወሰን ከባድ ሥልጣን አለው። በ1960ዎቹ በጃክሰን የነበሩት የንግድ ጣቢያዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ ከዘጋብህ የቀረህ ሌላው ነው፤ እሱም ከዘጋ አለቀ።

ይህን ሥልጣን የሚገድበው ፈቃዱ ነው። አየሩ የሕዝብ ነው ይላል ሕጉ። ጣቢያው ሞገዱን የሚጠቀመው በውሰት ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በየሦስት ዓመቱ መታደስ ነበረበት። ጣቢያው ለሕዝብ ጥቅም ካልሠራ እድሳቱን ሊከለከል ይችላል። አከራካሪ ጉዳይ ሲያነሳ ደግሞ የተለያየ አቋም ያላቸውን ወገኖች የማሰማት ግዴታ ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ያለው ይኸው ነው። በተግባር ግን እድሳት ማኅተም የማስመታት ያህል ቀላል ነበር።

ቻናል 3 በሚሰራጭበት አካባቢ ከመቶ ሰው 45 ያህሉ ጥቁር ነው። ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ፍሬድ ቢርድ ደግሞ የዜጎች ምክር ቤት የሚባለው ድርጅት አባል ነበሩ። ይህ ድርጅት የተቋቋመው የዘር መለያየት እንዳይነካ ለመታገል ነው። ጣቢያው መለያየትን የሚደግፉ ፕሮግራሞች ያሳያል፤ ተቃራኒውን ወገን ግን አያስገባም። በ1962 ጄምስ ሜሬዲዝ የተባሉ ጥቁር ተማሪ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ ሲሉ ግዛቷ ታመሰች፣ ሰው ሞተ። ያኔም የጣቢያው ሥርጭት ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነው የሚል አቤቱታ ኮሚሽኑ ዘንድ ደረሰ። ሮበርት ስሚዝ የተባሉ ቄስና ነጋዴ ለኮንግረስ ሲወዳደሩ በገንዘባቸው የአየር ሰዓት እንግዛ ብለው መጀመሪያ እምቢ ተብለዋል። ብዙ ግፊት ከመጣ በኋላ ነው የተፈቀደላቸው።

ኮሚሽኑ አቤቱታውን ያነባል፣ ጣቢያውን ይገስጻል፣ ያልፋል። በእኔ አስተያየት ከጣቢያው ጥፋት ይልቅ የሚያናድደው ይሄ ነው። ጣቢያው ዓላማውን አልደበቀም። ጠብቅ የተባለው አካል ግን እያየ ዝም አለ።

የኤቨርስ 17 ደቂቃ

ሜድጋር ኤቨርስ የሚሲሲፒ ልጅ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምተው ተመልሰዋል። በ1963 የጥቁሮች መብት ድርጅት የሆነው የኤንኤኤሲፒ የሚሲሲፒ ተወካይ ነበሩ። በዚያ ዓመት በሜይ ወር የከተማው ከንቲባ አለን ቶምፕሰን በቴሌቪዥን ቀርበው የጃክሰን ጥቁሮች ደህና እየኖሩ ነው፣ ችግሩ ከውጭ የሚመጡ በጥባጮች ናቸው የሚል ንግግር አደረጉ። ኤቨርስ ለእኔም እኩል ጊዜ ይሰጠኝ ብለው ጠየቁ። እድሳቱም፣ አቤቱታውም፣ የኮሚሽኑ ዓይንም ነበርና ጣቢያው በመጨረሻ እሺ አለ።

ሜይ 20 ማታ ኤቨርስ በቻናል 3 ለ17 ደቂቃ ተናገሩ። ከውጭ የመጣሁ አይደለሁም፣ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ አሉ። ድምፃቸው የረጋ ነበር። ጥቁሩ ሰው ዛሬ በዓለም ምን እንዳለ ያውቃል አሉ። አፍሪካ ነፃ እየወጣች እንደሆነ ያውቃል፤ ኮንጎ ውስጥ ጥቁር ባቡር እንደሚነዳ ያውቃል፤ ጃክሰን ውስጥ ግን የቆሻሻ መኪና እንኳ መንዳት እንደማይፈቀድለት ያውቃል።

ይህን ሳነብ ቀኑ ላይ ቆም እላለሁ። በዚያው ሳምንት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው ነበር። ሜይ 25 ቀን የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ። የዩጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ ከዚያው ከአዲስ አበባ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው፣ በርሚንግሃም አላባማ ውስጥ በጥቁሮች ላይ ውሻና የውኃ ቱቦ መለቀቁን ተቃወሙ። ኤቨርስ ጃክሰን ስቱዲዮ ተቀምጠው አፍሪካን ይጠራሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የአሜሪካ ደቡብ ይነሳል። አንዱ የሌላውን ያያል ማለት ነው። ያለ ቴሌቪዥንና ያለ ጋዜጣ ፎቶ ይህ መተያየት አይታሰብም።

የጃክሰን ነጮች አንድ ጥቁር ሰው በገዛ ቴሌቪዥናቸው ቁጭ ብሎ ለከንቲባው መልስ ሲሰጥ አይተው አያውቁም ነበር። የጃክሰን ጥቁሮችም እንደዚያው። ንግግሩ ግን የኤቨርስን መልክ ለወዳጅም ለጠላትም አሳወቀ። ከ23 ቀን በኋላ፣ ጁን 12 እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ፣ ቤታቸው በር ላይ ከኋላ በጥይት ተመተው ተገደሉ። ኬኔዲ ስለ ዜጎች መብት በቴሌቪዥን ትልቁን ንግግራቸውን ካደረጉ ጥቂት ሰዓት ቢሆን ነው። ሚስትና ልጆቻቸው ንግግሩን አይተው አባታቸውን እየጠበቁ ነበር። የ37 ዓመት ሰው ነበሩ። ገዳዩ ባይረን ደ ላ ቤክዊዝ ጥፋተኛ የተባለው በ1994 ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

አንድ ሳምንት ሙሉ ማየት

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ እንግባ። ኤቨረት ፓርከር የሚባሉ ሰው ነበሩ። የዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት ቄስ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኗን የኮሙኒኬሽን ቢሮ ከኒው ዮርክ ይመሩ ነበር። ደቡብ ያሉት ጣቢያዎች ጥቁሩን ሕዝብ እንደሌለ እየቆጠሩት መሆኑን ሲሰሙ ወደ ጃክሰን መጡ። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ሁሉም ያውቀዋል። የጎደለው ማስረጃ ነበር። «እንዲህ ይላሉ» ተብሎ ኮሚሽን ፊት አይቀረብም።

ስለዚህ ፓርከር ቀላል የሚመስል ሥራ አሰቡ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቁጭ ብሎ ማየት። ከማርች 1 እስከ 7 ቀን 1964 ድረስ በጎ ፈቃደኞች የሁለቱን የከተማዋን ጣቢያዎች ሥርጭት ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ተከታተሉ። ማን ታየ? ማን ተናገረ? ስንት ደቂቃ? ጥቁር ሰው በምን ስም ተጠራ? ሁሉንም ጻፉ። ፈቃደኞቹ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ፓርከር በምስጢር ያዙ። ይህን ጥንቃቄ ማንም ከመጠን ያለፈ ነው ሊለው አይችልም። በዚያው ዓመት በጋ ላይ ሚሲሲፒ ውስጥ ሦስት ወጣት የመብት ሠራተኞች ተገድለው አፈር ውስጥ ተቀብረው ተገኝተዋል።

የተገኘው ውጤት ሁሉም የሚያውቀውን በቁጥርና በሰዓት አስቀመጠው። ጣቢያው ጥቁሮችን «ሚስተር»፣ «ሚስስ» ብሎ አይጠራም። ነጩን በክብር፣ ጥቁሩን በባዶ ስም። ሃይማኖታዊ ፕሮግራም አለ፤ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ግን የለችበትም። ስለ አካባቢው ጉዳይ ውይይት አለ፤ ግማሽ የሚጠጋው የአካባቢው ሕዝብ ግን አይጠየቅም።

ኤፕሪል 1964 ላይ የፓርከር ቢሮ የጣቢያው ፈቃድ እንዳይታደስ ለኮሚሽኑ አቤቱታ አስገባ። አብረው የፈረሙት ሁለት የሚሲሲፒ ሰዎች ናቸው። አንዱ ቄስ ስሚዝ፣ የአየር ሰዓት የተከለከሉት። ሌላው አሮን ሄንሪ፣ የኤንኤኤሲፒ የግዛቱ ፕሬዚዳንትና በሙያቸው ፋርማሲስት። የሄንሪን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። (የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረውም በዚሁ በ1964 ነው።)

ኮሚሽኑ በ1965 መልስ ሰጠ። እናንተ ባለጉዳይ አይደላችሁም አለ። በዚያን ጊዜ አሠራር የፈቃድ ጉዳይ ላይ ገብቶ መከራከር የሚችለው በገንዘብ የሚጎዳ ተፎካካሪ ነው፣ ወይም ሞገዱ የተረበሸበት ሌላ ጣቢያ። ማስታወቂያ ሻጩ ይከራከራል፤ ቴሌቪዥኑን የገዛው፣ ቤቱ አስገብቶ ከልጆቹ ጋር የሚያየው ሰው አይከራከርም። ኮሚሽኑ ለጣቢያው አስጠንቅቆ የአንድ ዓመት ፈቃድ ሰጠው። ከኮሚሽነሮቹ ሁለቱ፣ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ጭምር፣ አልተስማሙም። በድምፅ ተሸነፉ።

ፓርከር ይግባኝ አሉ።

በማርች 1966 የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዋረን በርገር ናቸው። በርገር ለዘብተኛ ወይም ተራማጅ የሚባሉ ዳኛ አልነበሩም፤ ወግ አጥባቂ ነበሩ፣ ኋላም ኒክሰን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት አድርገው የሾሟቸው ለዚሁ ነው። ስለዚህ ፍርዱን የአንድ ወገን ፍርድ ነው ብሎ ማጣጣል አይቻልም። ሐሳባቸው አጭር ነው። ጣቢያው የሕዝብን ውድ ሀብት በነፃ ይዟል፤ ሲይዝ ግዴታም ተቀብሏል። ጋዜጣ በባለቤቱ ስሜት ሊመራ ይችላል፣ የሥርጭት ጣቢያ ግን አይችልም ብለው ጻፉ። ግዴታው መጠበቁን ደግሞ ከሚያየው ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ተመልካቹ ባለጉዳይ ነው፣ ይሰማ።

በአሜሪካ የሥርጭት ሕግ ተመልካች ፊት ለፊት ቆሞ የመከራከር መብት ያገኘው ያኔ ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም። ኮሚሽኑ ችሎት አስቀመጠ። በ1967 ጃክሰን ላይ ምስክር ተሰማ። ችሎቱን የመሩት መርማሪ ጣቢያው ይታደስለት አሉ፤ ኮሚሽኑም በ1968 የሦስት ዓመት ፈቃድ ሰጠ። አቤቱታ አቅራቢዎቹ እንደ ተከሳሽ ነበር የታዩት። ማስረጃቸው ሁሉ ይናቃል፣ የማስረዳት ሸክሙ ሁሉ እነሱ ላይ ይጫናል። በጁን 1969 ዳኛ በርገር ለሁለተኛ ጊዜ ጻፉ። በዚህኛው ላይ ቁጣቸው ይታያል። የኮሚሽኑ አሠራር ከመጠገን ያለፈ ነው አሉ። ኮሚሽኑ እንደገና ይመርምር ብለው እንኳ አልመለሱትም። ፈቃዱን ራሳቸው ሰረዙ፤ ሌሎች አመልካቾች ይጋበዙ አሉ። ከቀናት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

አዲስ ፊት

ፈቃዱ ቢሰረዝም ጣቢያው አይዘጋም፤ ሕዝቡ ዜና ያስፈልገዋል። ቋሚ ባለቤት እስኪመረጥ ድረስ በ1971 ኮሙኒኬሽንስ ኢምፕሩቭመንት የሚባል ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሥራውን ተረከበ። ቦርዱ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት ነው። ፕሬዚዳንቱ ኬኔት ዲን የሚባሉ ነጭ የባፕቲስት ቄስ ነበሩ።

በ1972 ድርጅቱ ዊልያም ዲልዴይን ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ከቦስተን አመጣ። በአሜሪካ የንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያ የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ናቸው። ከሃያ ዓመት በፊት የማይታሰብ ነገር ነበር፦ የጥቁርን ድምፅ በሐሰተኛ የኬብል ችግር ይቆርጥ በነበረው ጣቢያ ውስጥ አሁን ውሳኔ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ጥቁር ጋዜጠኞችና ዜና አንባቢዎች ገቡ፣ ሴቶችም ገቡ።

ብዙ ሰው ጣቢያው ይከስራል ብሎ ነበር። ነጩ ተመልካች ይሸሻል፣ ማስታወቂያ ይደርቃል ተባለ። አልሆነም። ዜናው ደፋርና ጥሩ ስለነበር ሰው አየው። ባለሥልጣኖችን መመርመር ጀመረ። ስለ ሚሲሲፒ የሥልጣን ፖለቲካ የሠራው ፕሮግራም የ1976ን የፒቦዲ ሽልማት አገኘ። ለሥርጭት ሰዎች ከዚህ በላይ የሚከበር ሽልማት ጥቂት ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ለባለሥልጣን አፍ የነበረ ጣቢያ ነው ይሄ።

ቋሚውን ባለቤት መምረጥ ግን አሰልቺ ሆነ። አምስት አመልካች ተነሳ። ኮሚሽኑ ዓመት ከዓመት አጓተተው። ተፎካካሪዎቹ በመጨረሻ ተጣመሩና በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ አብዛኛው ድርሻ የጥቁሮች የሆነ ኩባንያ ጣቢያውን ያዘ። የቦርዱ ሊቀመንበር ማን ሆኑ? አሮን ሄንሪ። በ1964 አቤቱታውን የፈረሙት፣ ባለጉዳይ አይደለህም የተባሉት ፋርማሲስት። ከአቤቱታው እስከዚያ ቀን ከአሥራ አምስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሄዷል። ፍትሕ ተገኘ ማለት ይቻላል። ግን አሥራ አምስት ዓመት ገንዘብና ጠበቃ የሚችል ስንት የአካባቢ ማኅበር አለ? ከጀርባው ቤተ ክርስቲያን ባትኖር ይህ ጉዳይ በ1965 ሞቶ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ1984 ፍራንክ ሜልተን የጣቢያው ኃላፊ ሆኑ። ካሜራ ፊት ቀርበው የራሳቸውን አስተያየት ይሰጡ ነበር፤ አደንዛዥ ዕፅ ይሸጣሉ የሚሏቸውን ሰዎች በስም እስከ መጥራት ደርሰዋል። ሕዝቡ ወደዳቸው፣ ተከራከረባቸውም። በ2005 የጃክሰን ከንቲባ ሆነው ተመረጡ፤ በ2009 አረፉ። እዚህ ላይ ጥያቄ አለኝ። ጣቢያው ጥቁሩን አግልሎ ለነጭ ከንቲባ ሲያገለግል ጥፋት ነበር። አለቃው ራሱ በማያ ገጹ ታዋቂ ሆኖ ወደ ከንቲባነት ሲሄድስ? ባለቤትነት መቀየሩ ብቻውን ሚዛን አያመጣም። ሰውን በስም እየጠሩ መክሰስም የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም።

በኦክቶበር 1997 ሌላ መከራ መጣ። በሬይመንድ ከተማ አጠገብ የነበረው የጣቢያው ማማ ከ600 ሜትር በላይ ይረዝማል። ለዲጂታል ሥርጭት ሲዘጋጅ፣ ሠራተኞች ላዩ ላይ እያሉ ተደረመሰ። ሦስት ሠራተኞች ሞቱ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽያጭ ታሪክ ነው። በ2000 ጣቢያው ለኮስሞስ ብሮድካስቲንግ ተሸጠ፣ ባለቤቱ ሊበርቲ ኮርፖሬሽን። በ2006 ሊበርቲን ሬይኮም ገዛው። በ2019 መጀመሪያ ሬይኮም ወደ ግሬይ ገባ። ግሬይ ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ ነው፤ ከመቶ በላይ በሚሆኑ የአሜሪካ ገበያዎች ጣቢያ አለው። የጃክሰን ሰው የያዘው ጣቢያ በሃያ ዓመት ውስጥ የሩቅ ኩባንያ ሆነ። ይህ የቻናል 3 ብቻ ዕጣ አይደለም። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ አንድ ኩባንያ ብዙ ጣቢያ እንዲይዝ አመቻቸ። ኢንተርኔት ማስታወቂያውን ሲወስድ ደግሞ ብቻውን የቆመ ጣቢያ መክረም ከበደው።

ያው ሕግ ሌላም ነገር አደረገ፤ ይህን ብዙ ሰው አያነሳውም። ፈቃዱ ለስምንት ዓመት ሆነ። በእድሳት ጊዜ ሌላ አመልካች መጥቶ «እኔ የተሻለ እሠራለሁ» ብሎ መወዳደር ቀረ። የተለያየ አቋም የማሰማት ግዴታም ቀድሞ በ1987 ተነስቷል። ጃክሰን ላይ የሠሩት መሣሪያዎች አንድ በአንድ ተቀንሰዋል ማለት ነው። ያልተነሳው በ1966 የተገኘው መብት ነው። በሥርጭቱ ክልል የሚኖር ተመልካች ዛሬም ፈቃዱ አይታደስ ብሎ አቤቱታ ማስገባት ይችላል።

አሜሪካ ለምትኖሩ አንባቢዎች አንድ የሚጠቅም ነገር ልጨምር። ጣቢያዎቹ የሕዝብ ፋይል የመያዝ ግዴታ አለባቸው፤ ፋይሉ ኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። የፖለቲካ ማስታወቂያ ማን እንደገዛ እዚያ አለ። ጣቢያው ባለፉት ሦስት ወራት ስለ አካባቢው ችግር ምን ፕሮግራም ሠራሁ እንደሚልም ይጻፋል። የከተማችሁን ጣቢያ ስም አስገብታችሁ ስለ ሰፈራችሁ፣ ስለ ስደተኛው፣ ስለ ልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ምን እንደተመዘገበ ከፍታችሁ ማየት ትችላላችሁ። የጻፈው ካየነው ጋር አይገጥምም የምትሉ ከሆነ፣ እንደ ጃክሰኖቹ ቀንና ሰዓቱን መዝግቡት።